የዱቤ ደብተር

ሱቄ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ከግንቡ ጥግ ናት፤
ሁለት ክንድ ወርዷ፣ ሦስት ክንድ ቁመት።
ሳሙና፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ክብሪትና ሻማ፣
ከላይ የማያባራ የቆርቆሮ ዜማ።
ከመደርደሪያው ሥር፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣
አለች አንዲት ደብተር፣ የሰፈሩ መዝገብ፤
ማን ምን እንደቸገረው፣ ማን ስንት እንዳለበት፣
ከእኔና ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የሌለበት።

አባ ዱራ አናጢው፦ ሁለት ኪሎ ስኳር፤
"በርጩማው ሲሸጥ" ይላል፣ ካምና ጀምሮ ሲናገር።
ዘይቱና ልብስ ሰፊዋ፦ ክር፣ መርፌ፣ ሳሙና፤
"ሰርግ ይመጣል" ብላ፣ ሰርጉ ቀረና።
ወይዘሮ ጥሩአየሁ፦ ያልጋ ቤቷ ሻማ፤
እንግዳ ቢጠፋም ክፍሏ አይጨልምማ።
ሃምሳ አለቃ ጉደታ፦ ዳቦና ሲጋራ፣
ዳቦና ሲጋራ፣ ዳቦና ሲጋራ፤
ስድስት ገጽ። ጡረታው ወር ሳይሞላ ያልቃል፤
ትራምፔት ይነፋ ነበር ይባላል፤ ማን ያውቃል።

በጥቅምት መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ወጣ፦
"የሙዚቃ ፌስቲቫል፤ ሁሉም በነጻ ይምጣ።"
እኔ ሳቅሁ። "ዘፈን" አልኩ፣ "ዘፈን ዘይት ይሆናል?
ከበሮ ቢደልቁት ዕዳ ይከፈላል?"

ዓርብ ግን ከጁምዓ ወዲያ፣ ባጃጅ ተደርድሮ፣
ሚኒባስ ሰው ደፋ፣ ከቦንጋ፣ ካጋሮ፤
አዌቱ ድልድዩ ላይ መተላለፊያ ጠፋ፤
ውሃው ብቻ አለፈ፣ ከሥር፣ ሳይጋፋ።

አባ ዱራን ጠሩት፦ "በርጩማ ስንት አለህ?"
"ሰባ ሁለት" ቢላቸው፣ "ሁሉንም ታመጣለህ!"
ሦስት እግር፣ ሦስት እግር፣ ከመድረኩ ፊት ተሰልፎ፣
ዓመት ሙሉ የከረመው አቧራ ታቅፎ፤
የተቀመጠ ሁሉ ሲነሳ ገዝቶ ሄደ፤
በርጩማ በራስ ላይ ሆኖ ወደ መናኸሪያ ነጎደ።

ዘይቱና ሦስት መርፌ ሰብራ ሌሊት አደረች፤
የተወዛዋዡን ልብስ በየጎኑ አጠበበች።
ጥሩአየሁ አልጋ አልቆባት ኮሪደር ላይ ፍራሽ አነጠፈች፤
የራሷንም ክፍል አከራይታ ኩሽና ገብታ አንቀላፋች።
እኔስ? ውሃ አለቀ፤ ብስኩት፣ ማስቲካ አለቀ፤
መልስ ስሰጥ፣ ስሰጥ፣ አውራ ጣቴ ደቀቀ።

ሁሉም ደስ አላለውም። ጎረቤቴ ደሊል፣
ሕፃን ልጁ ታሞ ሌሊቱን ሲያባብል፣
በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሁላችንን ሰደበን።
ልክ ነበር።
ዝም አልን።

ቅዳሜ ማታ ዝናብ። የጅማ ዝናብ፣ ያው፣
ሳይጠሩት የሚመጣ እንደ ቤተኛ ሰው።
መብራቱም ድርግም አለ። ድምፅ ማጉያው ሞተ።
ሰው ጃኬቱን ወደ ራሱ እየጎተተ
ወደ በሩ ሲዞር፣
ከጨለማው መሐል
አንድ ድምፅ፦
ሽቦ የማይፈልግ፣ መብራት የማይለምን፤
ትራምፔት! ማነው? አልን።
የስልክ መብራት በራ፤ አንድ፣ መቶ፣ ሜዳው ሙሉ፤
"ጉደታ ነው! የኛው ነው!" አለ ሰፈር ሁሉ።
ቆሟል፣ ካፖርቱ እስከ ገበሩ በስብሶ፣
የሠላሳ ዓመት ትንፋሽ ባንድ ሌሊት መልሶ።
ወደ በሩ የሄደው ሰው ተመልሶ መጣ፤
ጫማውን አወለቀ፣ ጭቃው ላይ ዘፈን ጠጣ።
"ማን ናቸው?" አለኝ አንድ የቦንጋ እንግዳ።
"ጎረቤቴ!" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ፣
የስድስት ገጽ ዕዳውን ለጊዜው ረስቼ።

ሰኞ። ሜዳው ላስቲክ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ጭቃ፤
የሰፈሩ ልጆች መጥረጊያ ይዘው ነቃ ነቃ።
አባ ዱራ ከፈለ፤ ዘይቱናም ከፈለች፤
ደብተሬ በቀይ መስመር እንደ ሙሽራ ተኳለች።
እሱ ግን ገና በሬን ስከፍት፣ ፊቱን ተላጭቶ፣
የመድረኩን አበል በፖስታ አምጥቶ፣
ዳቦውን በዳቦ፣ ሲጋራውን ቆጥሮ፣
ባንኮኒው ላይ ደረደረው፣ ሳንቲሙን ጨምሮ።
"ተወው" ልለው ነበር። ቀደመኝ።
ገጹን አየ፤ ገለጠ፤ ደግሞ አየ፤ ዝም አለ።
ልቀደው ስል እጄን ያዘ። "አትቅደደው" አለ፤
"ቁጥሩን ሰርዝ እንጂ፣ ስሜ ይቀመጥ እንዳለ።"